እናቴ በፍጥሞ ዋሻ ያገኘቻት አሥር ደቂቃ

እናቴ ራእየ ዮሐንስን ስታነብ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። "ፍጥሞ በምትባል ደሴት" የሚለው ጋ። ልጅ ሆኜ ለምን እንደምትቆም አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳት። "ቦታው አሁንም አለ ይላሉ" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እኔ ግን ነገሩን በልቤ ያዝኩት።

ዓመታት አለፉ። አሁን ከእኔ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ጉልበቷን ያማታል። ባለፈው ዓመት ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ በአራት ቀን የግሪክ ደሴቶችን የሚያዞር ክሩዝ፣ የሽርሽር መርከብ ማለት ነው፣ አየሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቱርክ፣ ኩሻዳሲ ይቆማል። ኤፌሶን ከዚያ ብዙም አይርቅም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍጥሞ ይደርሳል። ኤፌሶንና ፍጥሞ በአንድ ቀን! ሳላመነታ ከፈልኩ።

ጉዞው ደግ ነበር። ግን በእኔ ስሕተት ሊበላሽ ትንሽ ነበር የቀረው፤ አንዱ ጸጸት አሁንም አልለቀቀኝም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ እንዲህ ዓይነት ጉዞ የምታስቡ ብዙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰዓት የምጠቅሰው ሁሉ በሀበሻ ሰዓት ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

ከቪዛው ልጀምር፤ እዚህ ጋ የሳትኩ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሁሉ አይኖርም ነበር። እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ስላለኝ ለግሪክ ቪዛ አላስፈለገኝም። እናቴ ግን ግሪን ካርድ ይኑራት እንጂ ፓስፖርቷ የኢትዮጵያ ነው። ግሪን ካርድ ለግሪክ ቪዛ አይሆንም፤ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልጋታል። ቅጹን ስሞላ "አንድ ጊዜ ብቻ መግባት" የሚለውን ልመርጥ ነበር። አራት ቀን ነው፣ አንዴ ገብተን አንዴ እንወጣለን ብዬ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ናት ያስቆመችኝ። መርከቡ ቱርክ ሲቆም ከሸንገን ወጣችሁ ማለት ነው፤ ወደ ፍጥሞ ስትመለሱ እንደገና እየገባችሁ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቁ። አለበለዚያ ገና ፒሬየስ ላይ መርከቡ ላይ ላያሳፍሯችሁ ይችላሉ። ለቱርክም እንዲሁ፣ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚያስፈልግ የመርከብ ድርጅቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉና ያዙት።

ማክሰኞ ጠዋት ኤፌሶን ገባን። የፈረሰውን ከተማ የሚያዩት ከላይኛው በር ገብተው፣ ቁልቁል ወርደው፣ በታችኛው በር በመውጣት ነው። መንገዱ እብነ በረድ ነው። በሰው እግር ብዛት ለስልሶ ያንሸራትታል፤ ጥላም የለውም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ላይ ሕዝቡ ስለ አርጤምስ የጮኸበት ቲያትር ፊት ስንደርስ እናቴ ደስታዋን መቆጣጠር አቃታት። ላይ ድረስ ካልወጣሁ አለች። እኔም ደስ ስላላት ደስ ብሎኝ ተውኳት። ያኔ አሳርፌያት ቢሆን ይሻል ነበር። መርከብ ስንመለስ ጉልበቷ አብጧል። ምሳ እንኳ በቅጡ ሳትበላ ተኛች። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ የሚቆም መርከብ ከያዛችሁ የጠዋቱ ጉብኝት የከሰዓቱን ጉልበት እንደሚበላ አስቡ። ለሽማግሌ ሰው ጠዋት የወጣው ጉልበት በሁለት ሰዓት እንቅልፍ አይመለስም።

አሥር ሰዓት ላይ ፍጥሞ ታየች። ትንሽ ናት፤ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። ድንጋያማ፣ ደረቅ ያለች፣ ባሕሩ ከየአቅጣጫው እየገባ የሸነሸናት። ከተራራው አናት ላይ እንደ ምሽግ ያለ ጥቁር ግንብ ቆሟል። የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ነው። ከሥሩ ዙሪያውን ነጫጭ ቤቶች ከበውታል። እናቴ የመርከቡን ብረት ይዛ አማተበች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ።

ወረቀቱ ላይ ያለን ጊዜ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ተኩል ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ይበቃል ብዬ ነበር። የማላውቀው ነገር ግን የእኛ መርከብ ወደቡን አይጠጋም። ስካላ ከምትባለው የወደብ ከተማ ፊት ለፊት ባሕሩ ላይ መልህቅ ጣለ፤ ሰው በትንንሽ ጀልባ እየተመላለሰ ነው የሚወርደው። መጀመሪያ የሚወርዱት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው። እኛ በራሳችን ታክሲ እንሄዳለን ብለን ስላልገዛን ቁጥር ተሰጠን። ጠበቅን። መሬት ስንረግጥ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ቀለጠ።

ዮሐንስ ራእዩን አየበት የሚባለው ዋሻም ገዳሙም በዚያን ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር የሚዘጉት። ይኼን ልብ በሉ። ሁለቱም ጠዋት ተከፍተው ከቀትር በኋላ ይዘጋሉ። ከሰዓት የሚከፈቱት በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ ሰዓቱም እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል። መርከቡ ስንት ሰዓት እንደሚቆም ከማየታችሁ በፊት ቦታው በዚያን ቀን ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ እዩ። እኔ የመርከቡን ሰዓት ብቻ ነበር የቆጠርኩት።

ወደቡ ላይ የታክሲ ማቆሚያ አለ። ታክሲ ግን የለም። ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ሰው ጭነው ወጥተዋል። አውቶቡሱም ቅድም ሄዷል። የደረቀ ፀሐይ ላይ ቆመን አንድ ታክሲ ሲመለስ አየሁና ሮጥኩ። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሰው ነው። እንግሊዝኛው ትንሽ ናት። እናቴን አየና በእጁ ወደ ላይ እያሳየ "አፖካሊፕሲስ?" አለ።

እናቴ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀና አለች። "አቡቀለምሲስ! አዎ፣ አቡቀለምሲስ!" አለችው። ራእየ ዮሐንስ አቡቀለምሲስ እያለች ዕድሜዋን ሙሉ የጠራችው ቃል ከማታውቀው ሰው አፍ ወጣ። ሰውየውም ገብቶት ሳቀ። ዋሻውን በግሪክ የአፖካሊፕሲስ ዋሻ ነው የሚሉት።

እዚህ ጋ ነው ትልቁን ስሕተት የሠራሁት።

ከስካላ ወደ ላይ አንድ መንገድ ነው። መሐል ላይ ዋሻው አለ። እሱን አልፎ ተራራው አናት ላይ ሆራ የምትባለው ከተማና ገዳሙ አሉ። ሁሉም የጉዞ መጽሐፍ የሚመክረው ታክሲ ይዘህ አናቱ ላይ ውጣ፣ ገዳሙን እይ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግርህ እየወረድክ ዋሻውን ጎብኝ ነው። ለወጣት ሰው፣ ሙሉ ቀን ላለው ሰው፣ ጥሩ ምክር ነው። እናቴ "ዋሻው አይቀድምም?" አለችኝ። "ስንወርድ እናየዋለን እማዬ፣ መንገዳችን ላይ ነው" አልኳት። እሷም እሺ አለች። ሾፌሩ የዋሻውን በር አልፎ ሲነዳ አንገቷን አዙራ እስኪሰወር ድረስ አየችው።

ገዳሙ ሊታይ የሚገባው ነው፤ አልዋሽም። በ1088 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አባ ክሪስቶዱሎስ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው የመሠረቱት። ስማቸው ገብረ ክርስቶስ ማለት ነው። ደሴቲቱን የሰጣቸው የቢዛንጥዩሙ ንጉሥ ቀዳማዊ አሌክስዮስ ነው። ግንቡ የወፈረው ለባሕር ወንበዴ ተብሎ ነው። ዋሻው፣ ገዳሙና ሆራ በ1999፣ እሱም በፈረንጅ፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎች አሉ፤ ሐምራዊ በተነከረ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፉ። እኛ ግን እዚያ አልደረስንም። በሩ ላይ ልብሴን አይተው አስቆሙኝ። ቀሚሴ ከጉልበቴ በላይ ነበር። እናቴ ከቦርሳዋ ሁለተኛ ነጠላ አወጣች። "አውቄ ነው የያዝኩት" አለችና ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ነጠላ ይዛችሁ ውጡ። ወንዶችም ቁምጣ አትልበሱ።

ግቢውን፣ ሥዕሎቹን፣ ቤተ መቅደሱን በአሥራ አምስት ደቂቃ ሩጫ አየን። እናቴ አንድም ቦታ ተረጋግታ አልቆመችም። ዓይኗ ዋሻው ላይ ነው።

ስንወጣ ታክሲ የለም። ሰዓቱ አሥራ አንድ ተኩል። ወደ ዋሻው የሚወርደው የድሮ የድንጋይ መንገድ ነው፤ ጥዶች መሐል ይሄዳል። እኔ ብቻዬን ብሆን ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እናቴ ግን ከዘራዋን ካቢን ትታዋለች። ጠዋት "ሰው ያየኛል፣ ተይው" ብላ ነበር፤ እኔም አልተከራከርኩም። ድንጋዩ ቁልቁለት ነው፤ አንዳንዱ ይነቃነቃል። በአንድ እጇ እኔን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዛ ወረደች። በየትንሹ እንቆማለን። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። እሷ ታየኛለች። "አትቸኩዪ፣ እሱ ካለ እንደርሳለን" ትለኛለች። ማቀፍ የሚገባኝን እናቴን እየጎተትኩ ነበር።

ዋሻው በር ስንደርስ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ። አንድ ትልቅ ቡድን እየወጣ ነው። በሩ ላይ የነበሩት አባት ሰዓታቸውን አዩ፤ እናቴን አዩ፤ ነጠላዋን አዩ። በእጃቸው "ግቡ" አሉን።

ወደ ውስጥ ደረጃ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ከዋሻው ጋር ተያይዞ የተሠራ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግማሹ ግድግዳ፣ ግማሹ አለት። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ጭንቅላታችሁን ጠብቁ። በሮማው ንጉሥ በድምጥያኖስ ዘመን ዮሐንስ ወልደ ነጎድጓድ ተግዞ የኖረው እዚህ ነው ይላል ትውፊቱ። ራስጌው የነበረች ጎድጓዳ ቦታ በብር ተከባለች። ከተኛበት ሲነሳ እጁን ይጨብጥባት የነበረች ሌላ ጎድጓዳ አለች። ደቀ መዝሙሩ አብሮኮሮስ እሱ የሚነግረውን ይጽፍበት የነበረ የድንጋይ ጠርዝም አለ። ከላይ አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይሉታል። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ደግ ነው የተከለከለው። ስልኬን ባወጣ ኖሮ እሷን አላያትም ነበር።

እናቴ እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ፊት ተንበረከከች። ያን ጉልበት ይዛ። ምን እንዳለች አልሰማሁም። የእኛን ስም እየጠራች እንደነበር ግን ከከንፈሯ አየሁ። የእህቴን፣ የወንድሜን፣ የአባቴን ነፍስ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ከአዲስ አበባ አደራ ያሏት ሁሉ አለ። ገና መሐሉ ላይ ሳለች አባ ቁልፋቸውን ቀስ አድርገው አንቀጫቀጩ። ቀና ብላ አየችኝ። "አልጨረስኩም" አለችኝ።

ይኼ ነው የማይለቀኝ። ሃምሳ ዓመት የጠበቀችውን ቦታ በአሥር ደቂቃ ወጣች፤ እኔ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ለሌላው ቦታ ሰጥቼ። እባካችሁ፣ ከመርከብ ከመውረዳችሁ በፊት አብሯችሁ ያለውን ሰው "አንድ ቦታ ብቻ ብናይ የቱን ትመርጫለሽ?" ብላችሁ ጠይቁት። መጀመሪያ እዚያ ሂዱ። ሌላው ሁሉ የተረፈውን ጊዜ ይውሰድ። እናቴ ጠይቃኝ ነበር እኮ። መልሱን ታክሲው ውስጥ ነግራኝ ነበር።

የመርከቡን ጉብኝት ስለመግዛትም ብዙ አስቤበታለሁ። ዋጋው ከታክሲ ይበልጣል። ነገር ግን ቀድማችሁ ትወርዳላችሁ፣ አውቶቡስ ይጠብቃችኋል፣ ብትዘገዩም መርከቡ የራሱን ጉብኝት ትቶ አይሄድም። ቆይታው ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነና ሽማግሌ ሰው ከያዛችሁ፣ ግዙት። ሙሉ ቀን ካላችሁ ግን በራሳችሁ መሄድ ይሻላል። በቡድን ሆኖ ዋሻው ውስጥ መጸለይ ከባድ ነው።

አባ ስልክ ደውለው ታክሲ ጠሩልን። ለታክሲ ጥሬ ዩሮ ያዙ። ስካላ ስንደርስ አሥራ ሁለት ተኩል አልፏል። ባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሾርባ ጠጣን። በጾም ቀን ብትገኙ "ኒስቲሲሞ" በሉ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው፣ ወዲያው ይገባቸዋል። እናቴ ዝም ብላለች። እኔም ዝም ብያለሁ።

አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን ወለላ ማር ልገዛላት ተነሳሁ። እሷን ጀልባው አጠገብ ያለ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት። "እማዬ፣ የመጨረሻው ጀልባ ስምንት ተኩል ነው፣ ከዚህ እንዳትነሺ፣ መጣሁ" አልኳት።

ስምንት ተኩል። እዚህ ሀገር ስኖር ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ሰዓት የማስበው በፈረንጅ ነው። መርከቡ የሰጠን ወረቀት ላይ 20:30 ይላል፤ አፌ ስምንት ተኩል አለ። እናቴ የሰማችው ግን የሌሊቱን ስምንት ተኩል ነው። ገና ሰባት ሰዓት አለን አለች በልቧ። ደወል ሰማች። ተነስታ ደወሉን ተከትላ ሄደች።

ስመለስ አግዳሚው ባዶ ነው። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ሄዳ ይሆናል አልኩ። አየሁ፣ የለችም። ጀልባ ላይ ተሳፍራ ይሆን ብዬ ጠየቅኩ። አልተሳፈረችም። ስልኳ መርከብ ላይ ሒሳብ እንዳይቆጥር ብዬ ራሴ ነኝ የዘጋሁት። ወደ መንገዱ ሮጥኩ፣ ተመለስኩ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ሁለት ሆነ። ሰልፉ እያጠረ ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል። ፓስፖርታችን መርከቡ ጋ ነው ያለው። እሷ ግሪክኛ አትችል፣ እንግሊዝኛዋም አያወጣት።

አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወገቤ ላይ ያለውን ነጠላ ወደ ራሴ ስቤ ተከናንቤ አሳየኋቸው። ወዲያው ገባቸው። በጣታቸው ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ጠቆሙኝ። መጨረሻው ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሠርክ ጸሎቱ ሊያልቅ ነው፤ ጥቂት ሴቶች ቀርተዋል። እናቴ መሐላቸው ቆማለች፤ ሻማ ይዛለች። ካህኑ ያዜማሉ። ሴቶቹ "ኪርዬ ኤሌይሶን" ይላሉ። እሷም አብራ "ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን" ትላለች። ያቋረጠችውን ጸሎት እየጨረሰች ነበር።

ጀልባው ጋ የደረስነው ለሁለት ተኩል አምስት ጉዳይ ነው። ያስጠጉን አንድ መርከበኛ እናቴን በሁለት እጃቸው ደግፈው አሳፈሯት።

ስለዚህ ለወላጅ ሰዓት ስትነግሩ "ምሽት ሁለት ተኩል" በሉ፤ "ልክ ሲጨልም"፣ "ከሾርባው አንድ ሰዓት በኋላ" ብላችሁ ጨምሩ። ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። መርከቡ በየቀኑ የሚያድለው ወረቀት ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ። እሱን፣ የመርከቡን ስምና የእናንተን ቁጥር ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ። ስልካቸውን ለሁለት ሰዓት መክፈት የሚያስወጣው ገንዘብ እኔ ያን ምሽት የከፈልኩትን አያህልም። ከዘራውንም አትተዉ።

ጀልባዋ ስትርቅ የገዳሙ መብራት በርቶ ነበር። እናቴ ተቆጣችኝ ብዬ ስጠብቅ "እዚህ የሚታደርበት ቤት አለ?" አለችኝ።

አለ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ግን ከፒሬየስ መደበኛ የመንገደኛ መርከብ ይሄዳል፤ ረጅም ነው፣ ሌሊትም ሊያደርስ ይችላል። ኮስ ወይም ሳሞስ ወደሚባሉት ደሴቶች በአውሮፕላን ሄዶ ከዚያ በጀልባ መሻገርም ይቻላል። ስካላ አድሮ ጠዋት በሩ ሲከፈት ዋሻው መግባት ነው። ቤት ከገባን በኋላ የእነሱን በዓል አየሁላት። ግሪኮች ወልደ ነጎድጓድን የሚያነግሡት በዓመት ሁለቴ ነው፤ እንደ ፈረንጅ ሴፕቴምበር 26 እና ሜይ 8። ሴፕቴምበር 26 መስከረም 16 ነው።

"ደመራን ትቼ?" አለች።

ሁለተኛውን ቆጠርንላት። ሚያዝያ 30 ይውላል። ትንሽ አሰበች።

"እሱ ይሁን። ማግስቱ ልደታ ነው፤ እዚያው እናድራለን።"